ያንቺን ስም የሰጠኋት ድምፅ

ጥር 8 ቀን 2009 ዓ.ም.
ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የጥምቀት ሰሞን ብርድ ሲገባ ቀኙ እግርሽ እንደሚያስቸግርሽ ስለማውቅ ሐሳቤ እዚያው አጋሮ ነው። ፋንቱ ቅባቱን እያሸችሽ ነው ወይስ እንደ ልማዷ ነገ ነገ እያለች ታቆይሻለች? እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ምራትሽ ሩት ደህና ናት። የልጅ ልጅሽ ናርዲ የፊት ጥርሷን አውልቃ ጣሪያ ላይ ወርውራ፣ አዲሱ ለምን እስካሁን አልመጣም እያለች እኔን ትጠይቀኛለች። የዘገየው በኔ ጥፋት መስሏታል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ከድጃ ናት፤ ጨርቅ ልትሸጥ አጋሮ ገበያ ትወጣለች። አደራ፣ ብቻሽን አንብቢው። ፋንቱ ላንብብልሽ ካለችሽ እምቢ በያት። እህቴን ጠልቼ አይደለም፤ አፏን ታውቂዋለሽ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አመጣው ትዪ ይሆናል። ከገና ወዲህ አራት ጊዜ ደውለሽልኛል፤ አራቱንም ጊዜ ኔትወርክ የለም፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁብሽ። አንቺም ለፋንቱ፣ ልጄ ከተማ ገብቶ ኮራብኝ፣ ያባቱ ዘር አይደል፣ ብለሻት ኖሯል። በስልክ መልእክት ጻፈችልኝ። ነገሩ አሳቀኝ፤ ከዚያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ለምን እንደከነከነኝ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሳጥኗ ልንገርሽ። አንቺ የምታውቂው ያን አሮጌ የጊታር ማጉያዬን ነው፤ ለፋሲካ ይዤው መጥቼ የሳሎንሽን ግማሽ ሲይዝ፣ ይህ ደግሞ ምን የሚሉት በሬ ነው ያልሽውን። ሰቃ፣ ሊሙ፣ ጌራ፣ ሰርግ በተጠራን ቁጥር ለሁለት ተሸክመን ሚኒባስ ላይ እናወጣው ነበር። ባለፈው ክረምት ሸጥኩትና ሞዴለር የሚሏትን ገዛሁ። ሁለት ጡብ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ታክላለች። ሆዷ ውስጥ የዓለም ማጉያ ሁሉ ጠባይ በቁጥር ተሰፍሮ ተቀምጧል፤ የፈለግሽውን ስትመርጪ እሱን ሆና ትዘፍንልሻለች። መድረክ ላይ ከኋላዬ የሚቆም ነገር የለም። አንድ ገመድ ከሳጥኗ ድምፁን ወደሚያቀላቅለው ሚክሰር፣ ከሚክሰሩ ወደ ትልቁ ድምፅ ማጉያ፣ ወደ ሞንታርቦው፣ አለቀ። ራሴን የምሰማው ጆሮዬ ውስጥ በምሰካት ማዳመጫ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሩት ሥራ ላይ ስትሆን ቤት ቁጭ ብዬ ድምፅ እሠራለሁ። ለየዘፈኑ የሚስማማውን አዘጋጅቼ፣ ስም ሰጥቼ አስቀምጠዋለሁ፤ መድረክ ላይ በእግሬ ስጫነው ይመጣል። ለጭፈራው የምትሆነውን «ሰርገኛ» አልኳት። የምትጮኸውን «ፋንቱ» አልኳት፤ ይህንንም እንዳትነግሪያት። ለቀስታው ዘፈን የሠራኋትን ደግሞ «እማዬ» አልኳት። ልብስ ስታጥቢ የምታንጎራጉሪውን እያሰብኩ የሠራኋት ናት፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ትንሽ የምትንቀጠቀጥ። በሕይወቴ እንደሷ ያማረ ነገር አልሠራሁም ብዬ ስኩራራ ነበር።

በጥቅምት ሰቃ ላይ ሰርግ ነበረን። ሙሽሮቹ ተነሥተው ቀስ እያሉ ሲወዛወዙ «እማዬ»ን ተጫንኳት። ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ሳቡ። አንድ ሽማግሌ ወንበራቸውን አንጠልጥለው ወደ ኋላ ሄዱ። እኔ ሞኙ በስሜት ተነክተው መስሎኝ ዐይኔን ጨፍኜ ቀጠልኩ። ሲያልቅ ዘፋኛችንና አለቃችን ሳቢሪን መጥታ፣ አቦ ይቺ ጊታርህ መርፌ ናት እንዴ፣ ጥርሴ ድረስ ገባችኮ አለችኝ። እኔም ሚክሰሩን በሚይዘው በሙሐመድሳኒ ላይ ዞርኩበት። ለስላሳ ሠርቼ እሰጥሃለሁ፣ አንተ ታበላሻለህ ብዬ ሰው ፊት አዋረድኩት። ዐሥር ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው። አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ጠቀለለ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነበር ለካ።

ቤት ገብቼ ሳዳምጣት ለኔ ጭራሽ ጋቢ እንደተከናነበች ሆነችብኝ። እንዲህ ታፍና እንዴት መርፌ ትባላለች ብዬ ቀጭኑን ድምፅ፣ ትሬብል የምንለውን፣ ጨመርኩላት። በሳምንቱ እንደገና ጨመርኩላት። ገመድ ቀየርኩ። ማዳመጫ ቀየርኩ። የጊታሩን ክር ቀየርኩ። መጨረሻ ላይ ሳጥኗ ታማለች ብዬ ያመጣልኝን ልጅ በስልክ ሰደብኩት፤ ምን ብሎ እንደመለሰልኝ በደንብ አልሰማሁም፣ እሱንም ኔትወርክ ነው አልኩ።

ሌላም ሌላም ነገር ነበር፤ ግን አንዱን ካንዱ አላገናኘሁትም። ሩት ማንቆርቆሪያው እያፏጨ እሳት ላይ ይቃጠላል፣ አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ ጋዜጣ ታነባለህ ብላ ተቆጣችኝ። በኅዳር አወቱ መንደራ ሰፈር መታጠፊያ ላይ ባጃጅ ለትንሽ ሳተኝ። ሹፌሩ ወርዶ፣ ይህን ሁሉ ጥሩንባ ስነፋ ደንቆሮ ነህ እንዴ አለኝ። ልመታው ነበር፤ ሰዎች ያዙኝ። ከዚያ አንድ ቀን ሩት ስታወራኝ፣ ምን ቃልሽን ትውጪዋለሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ አትናገሪም ብዬ ጮህኩባት። እንደጮህኩ ግን ራሴው ደነገጥኩ። የማን ንግግር እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። አባባ በየምሳው የሚሉን ነበር።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ። በመጪው እሑድ ትልቅ ሰርግ አለብን፤ የአንድ ቡና ላኪ ልጅ ናት የምታገባው። ከተጋባዦቹ መካከል ሆቴላቸው ውስጥ በቋሚነት እንድንጫወት የሚወስኑ ሰዎች አሉ፤ ሳቢሪን ለዚህች ቀን ስትል ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንታለች። እኔ ካበላሸሁ የስድስት ሰው እንጀራ ነው የማበላሸው። ለዚህ ነው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አዳራሹን ልንሞክር የሄድነው።

ሙሐመድሳኒ ሁልጊዜ ሞንታርቦውን የሚፈትሽበት አንድ የተቀዳ ፉጨት አለው። ከወፍራም ይጀምርና እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። የዚያን ቀን ግን ነገሩን ጨዋታ አደረገው። ሁላችሁም እጃችሁን አንሡ፣ ፉጨቱ ሲጠፋባችሁ አውርዱ አለ። አነሣን። የአዳራሹ ጥበቃ፣ ጋሽ ዳባ የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ እኔም ልጫወት ብለው እጃቸውን አነሡ። ፉጨቱ ወጣ፣ ቀጠነ፣ አለቀ። እኔም እጄን አወረድኩ። ዞር ብዬ ሳይ የሁሉም እጅ እንደተሰቀለ ነው። ሲቀልዱብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም። ሳቢሪን ዐይኗን ጨፍና እያዳመጠች ነበር። የጋሽ ዳባ እጅ ከኔ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው የወረደው።

ያየኝ ሙሐመድሳኒ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ማል ታቴ ኦቦሌሳ ኮ፣ ምን ሆነሃል ወንድሜ አለኝ። እንደ ሰቃው አልጮህኩበትም። ማዳመጫውን ሰጠሁት። «እማዬ»ን ሲሰማት ከጆሮው ነጥቆ አወጣው። ከዚያ ሳጥኗን ጭኑ ላይ አድርጎ ትሬብሉን መቀነስ ጀመረ። ቁጥሩን እያየሁ ነበር፤ እኔ ከጥቅምት ጀምሮ የቆለልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አወረደው። ሲጨርስ ቁጥሩን በነጭ ፕላስተር ላይ ጽፎ ለጠፈልኝና፣ ከዚህ በኋላ እንዳትነካት አለኝ። ወላሂ እስከ እሑድ ለማንም አልናገርም፣ ሰኞ ግን ሐኪም ቤት ትሄዳለህ፣ ካልሄድክ ለሳቢሪን እኔው እነግራታለሁ አለ። እንደዚያ ሲናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ፊቱን ወደኔ አዙሮ ነበር። ለስንት ጊዜ ሲያደርገው እንደኖረ እንጃ።

ሻዩ አልቆ ሲመለሱ «እማዬ»ን ተጫወትናት። ሳቢሪን ስትዘፍን ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ የት ደብቀህ ነበር አለችኝ፤ ይህን ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት። እኔ ጋ ግን ምንም የለም። ጣቴ ክሩን ሲነካ አያለሁ፤ የከበሮ መቺውን እጅ እያየሁ ምቱን እቆጥራለሁ፤ አንቺ ግን የለሽም። ያን አሮጌ ማጉያ ባልሸጠው ኖሮ እስካሁንም አላውቅም ነበር። ከኋላዬ ቆሞ ሱሪዬን ይነቀንቀው ነበር። ለካ ስሰማ የኖርኩት በቅልጥሜ ነው።

እማዬ፣ ፈርቻለሁ። እሑድን ከዐይኔና ከጣቴ ጋር ሆኜ እወጣት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ያስፈራኝ።

አሁን ለምን እንደጻፍኩልሽ ልንገርሽ። አባባ ቡና መፈልፈያው ቤት ነው ጆሯቸውን የጣሉት ስንባል አደግን። መኪናው በላቸው ትዪ ነበር። ጀንፈሉ፣ ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ ሲንኳኳ፣ ቀበቶው ሲጮህ፣ ውሎ አድሮ ያደነዘዛቸው እሱ ነው ብለን አንድም ቀን አልተጠራጠርንም። እኔንም በዐሥራ ሦስት ዓመቴ እዚያ እንዳልገባ በማርያም አስምለሽ፣ ጅማ አክስቴ ዘንድ ሰደድሽኝ። ጆሮህን ጠብቅ ብለሽ ሸኘሽኝ። ጠበቅሁት። መፈልፈያ ደጃፍ ደርሼ አላውቅም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

እርግጥ ነው፣ የሞንታርቦም ጩኸት ጩኸት ነው፣ እሱ ይሆናል እላለሁ። ሙሐመድሳኒ ግን ከኔ ይበልጥ ሲጮህበት ነው የኖረው፤ እሱ ግን የትንኝ ክንፍ ይሰማል። ስለዚህ ትናንት ቀኑን ሙሉ አያቴን ሳስብ ዋልኩ፤ የአባባን አባት። ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ከወረቀት በቀር የሚንኮሻኮሽ ነገር አጠገባቸው አልነበረም። በረንዳ ላይ ተቀምጠው መንገደኛው እንደምን ዋሉ ሲላቸው ፊት ለፊት እያዩ ዝም ይሉ ነበር ብለሽ ያጫወትሽን ትዝ አለኝ። የአጋሮ ሰውም ከመንግሥት ወንበር ወርደውም ኩራታቸው አልወረደም እያለ ያማቸው ነበር። ቤታችንን «ኩሩዎቹ» ያሰኙት እሳቸው አይደሉ? የአባባ እህትስ፣ ሰላምታ አትመልስም ተብላ ከማኅበር የተባረረችው?

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ እውነቱን እንጂ ማጽናኛ አልፈልግም። አባባ ሲያገቡሽ ገና መፈልፈያ አልገቡም ነበር። ያኔ፣ ገና ሙሽራ ሳለሽ፣ ከኋላቸው ሆነሽ ስትጠሪያቸው ይዞሩ ነበር?

ደግ ደጉንም ላውራሽ። ናርዲ የመዋዕለ ሕፃናት ውጤቷን ይዛ መጣች፤ ከክፍሏ ሦስተኛ ናት። ፊደሉን ጨርሳለች፤ ስዕሏ ያምራል። መምህርቷ ከታች በቀይ እስክሪብቶ፣ «ናርዲ ጎበዝና ጨዋ ልጅ ናት፤ ሲጠሯት ግን አትዞርም፤ ትንሽ ኩራት አለባት፤ ወላጆች ቢመክሯት» ብላ ጽፋለች። ሩት አነበበችልኝና፣ በል እንግዲህ፣ ያጋሮዎቹ ደም ነው ብላ እስኪያማት ሳቀች። ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩና ራሴ ደግሜ አነበብኩት።

ሰኞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ናርዲንም ይዣት እሄዳለሁ። ለሩት ለጥርሷ ነው ብያታለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ በስሜ አንድ ሻማ አብሪልኝ፤ በልጅቷም ስም። ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ምርቃትሽ ከደጄ አይጥፋ። ለፋንቱ ሰላም በያት፤ ኮርቶ አይደለም በያት፤ ሌላውን አትንገሪያት።

መልሱን ከድጃ ስትመለስ ላኪልኝ። እንዳትደውዪ፤ ጻፊልኝ።

የማይዞርልሽ ልጅሽ