ስለ ድንቡሼ አጫጭር እግሮች፣ ለክለባችን ፕሬዚዳንት

ለተከበሩት የውሾች ስፖርት ክለብ ፕሬዚዳንት፤
ስብሰባ ላይ ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በብርቱ እመኛለሁ። በተለይ የወገብዎን ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል፤ ባለፈው ቅዳሜ ጄኔራል የተባለው ግዙፍ ውሻዎ መሰናክሉ ሥር ተኝቶ አልነሳም ባለ ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ ተመልካች ፊት እየጎተቱ ከሜዳ ሲያወጡት ከመቀመጫዬ ሆኜ አይቻለሁና። እኔ ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ውሻዬ ድንቡሼም ደህና ነው፤ ሰላምታ ባይልኩለትም እንደላኩለት አድርጌ ነግሬዋለሁ።

ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ሥራዎን ላለማቋረጥ ስል ይህን ደብዳቤ በፀጉር ቤቴ ግድግዳ ላይ፣ ከካስኩ ትይዩ ለጥፌዋለሁ። ፀጉሯ እስኪደርቅ የምትጠብቅ ደንበኛ ሁሉ ተረጋግታ ታነበዋለች። ለእነሱ ስል ስፖርቱን በአጭሩ ላስረዳ፤ ለእርስዎም ሳይጠቅም አይቀርም። ፍላይቦል የውሾች ቅብብል ሩጫ ነው። አራት ውሾች ተራ በተራ መሰናክል እየዘለሉ ሄደው ጫፍ ላይ ያለውን ሳጥን በእግራቸው ሲመቱት ኳስ ይተፋላቸዋል፤ ኳሷን ነክሰው፣ መሰናክሎቹን መልሰው እየዘለሉ፣ ወደሚጠራቸው ሰው ይመለሳሉ። የመሰናክሉ ከፍታ የሚወሰነው ደግሞ በቡድኑ አጭር ውሻ ልክ ነው። አጭር ውሻ ያለው ቡድን ለሁሉም ውሾቹ መሰናክሉ ዝቅ ይልለታል። ይህን ክለቡን የሚመራ ሰው ያውቀዋል ብዬ አምን ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ ድንቡሼ የወንድሜ ውሻ ነበር። ወንድሜ ከሞተ በኋላ ደጃፍ ላይ ተጋድሞ መንገድ መንገዱን ሲያይ ይውል ጀመር፤ እህል አልቀምስም አለ። እኔም ብሆን ከእሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። ሰው ምን አለፋሽ እያለኝ ወደ ክለቡ ሜዳ ይዤው መጣሁ። ሳጥኑ መጀመሪያ ኳስ ሲተፋ ደንግጦ ቀሚሴ ሥር ገባ። ውሎ አድሮ ግን ኳሷን ነክሶ፣ ጆሮዎቹን እያርገበገበ ወደ እኔ ሲበር፣ ከሐዘናችን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጅራቱን ሲቆላ አየሁት፤ ሜዳው መሃል ቆሜ አለቀስኩ። ሜዳውን ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። ይህችኛዋ ምስጋና ንጹሕ ናት፤ የሚቀጥሉትን ግን እየቀመሱ ያንብቧቸው።

፪ኛ፦ የክብር እንግዶች መጥተው የቡድኑ ፎቶ በሚነሳበት ዕለት፣ ድንቡሼን ከጄኔራል አጠገብ ቢያዩት አንድ ሰው ጫማውን ረስቶ የሄደ እንደሚመስል ተናግረው፣ ከፎቶውም ከቡድኑም እንዲወጣ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ለይሉኝታ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ቤቴ ሳልደርስ አለቀ። በምትኩ የእህትዎን ልጅ ውሻ አስገቡ፤ ቁመናው ሸጋ ነው፣ ኳስ ግን ይፈራል። ፎቶው በእውነት አምሯል፤ በክለቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ።

፫ኛ፦ አጭሩ ውሻ ሲወጣ መሰናክሉ ከፍ አለ። ከፍ ሲል ምን እንደሆነ ቅዳሜ ሁላችንም አይተናል፤ የእህትዎ ልጅ ውሻ በመሰናክሉ ዙሪያ እንደ ሽማግሌ እየተንሸራሸረ አለፈ፣ ጄኔራልም ጨርሶ ተኛ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። እርስዎም ችግሩን በጥሞና መርምረው አሠልጣኙን አባረሩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! አሠልጣኙ ድንቡሼ እንዳይወጣ ሲለምንዎት ሰምቻለሁ፤ ያን ዕለት ከእሱ በቀር ለዚያ ውሻ አፉን የከፈተ አልነበረም።

፬ኛ፦ ሰኞ ዕለት ጸሐፊዎ ፀጉሯን ልትሠራ መጥታ መልእክትዎን አደረሰችኝ። ለእሁዱ ማጠቃለያ ውድድር «ውሻው ይምጣ፣ ባለቤቲቱ ግን አፏ አያርፍምና ትቅር፣ የእህቴ ልጅ ይጠራዋል» ማለትዎን ስትነግረኝ፣ ምስኪን፣ በመስታወቱ ውስጥ እንኳ ዓይኔን ማየት አቃታት። ተናደድኩ፤ መቀሱን ሳላስበው ጨመቅሁት፤ ፀጉሯ በግራ በኩል አጥሮ ካዩት ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ክቡርነትዎ፣ ያ ውሻ አንድ ሰው ጠፍቶበታል። ሁለተኛ እንዲጠፋበት አልፈቅድም።

ስለሆነም ጥሪዎን በታላቅ አክብሮት አልተቀበልኩትም። ድንቡሼን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው ክለብ አስመዝግቤዋለሁ። የማዶዎቹ ሲያዩት አልሳቁም፤ ቁመቱን ለክተው፣ እርስ በርስ ተያይተው፣ መሰናክላቸውን ዝቅ አደረጉ። ያባረሩትን አሠልጣኝም እዚያው አገኘሁት፤ በመባረሩ ከወዲሁ ወፍሯል። እሁድ ከእናንተ ጎን ባለው መስመር እንሮጣለን፤ ስታሸንፉን ለማየት ያብቃን እንዳልል ውሸት አልወድም።

ማዕረግዎ ከፍ ይበል፣ መሰናክልዎም ከማዕረግዎ እኩል ከፍ ይበል እያልኩ፣ ላደረጉልን ሁሉ ብድሩን ለመመለስ ቀን የምቆጥር፣

አክባሪዎ፣
ባለ ፀጉር ቤቷ፣ የድንቡሼ ብቸኛ ጠሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስብሰባ ሲበዛብዎ ጄኔራልን እኔ ዘንድ ጥለውት ይሄዱ እንደነበር አይዘነጉትም። ኳስ ነክሶ መመለስን የተማረው በጓሮዬ፣ በእኔ ድምፅ ነው፤ አሁንም ገመዱን ባላሉለት ቁጥር መጥቶ ከድንቡሼ ጋር ይበላል። ደንቡ የሌላ ሰው ውሻ መጥራትን ይከለክላል፤ እኔም ደንብ አክባሪ ነኝና አልጠራውም። የራሴን ውሻ ግን፣ ከእርስዎ ጎን መስመሩ ጫፍ ላይ ቆሜ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ እጠራለሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ ወዴት እንደሚሮጥ እሁድ በሕዝብ ፊት አብረን እናያለን።