የወይዘሮ ጌርሊንደ ጀርባ እና የአባታቸው እጅ

ወይዘሮ ጌርሊንደ ኖይበርት ከአባታቸው ከብረት ቀጥቃጩ አልቪን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሁልዳ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት ወር 1938፣ ከድሬስደን ከተማ ወረድ ብላ በኤልበ ወንዝ ዳር በምትገኝ መንደር ተወለዱ። እኔ የወንድማቸው የኤካርት ልጅ ዮርዲስ ነኝ። ይህን ጽፌ በቀብራቸው ላይ እንዳነብ ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው። “እንዳታሳምሪኝ! ያሳመርሽኝ እንደሆነ ከሣጥኑ ተነሥቼ አቋርጥሻለሁ” ብለውኛል፤ ስለዚህ አላሳምርም።

በመንደሩ ትምህርት ቤት ገብተው በሒሳብ ከክፍላቸው የሚበልጣቸው አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ግን ጀርባቸው ወደ ጎን ይጣመም ጀመር። የቀኝ ጎድናቸው ወደ ኋላ ገፍቶ ጉብታ አወጣ፤ የግራው ወደ ውስጥ ሰመጠ። ስለ አባታቸው ስናገር “እሳቸው” ማለት አልችልም፤ አያቴ ቢሆንም አንቱታው ከአፌ አይወጣም፣ ይቅር በሉኝ። ያ ሰው የልጁን ሕመም እንደ እልህ ቆጠረው። “ቀጥ በይ!” እያለ በቀበቶ ይገርፋቸው ነበር። “የማላቀናው ብረት የለም፤ የገዛ ልጄ ታዋርደኝ?” ይል ነበር። በመጨረሻም በመዶሻው የብረት መደገፊያ ሠርቶ አለበሳቸው። ብረቱ ቆዳቸውን በልቶ ቁስሉ መግል ያዘ፤ ከሽታው የተነሣ የክፍል ጓደኞቻቸው አጠገባቸው መቀመጥ ተዉ።

በ1951 መኸር አባትየው በሥራ ቤቱ ወለል ላይ በደረታቸው አስተኝቶ፣ ጉልበቱን ጉብታቸው ላይ ተክሎ፣ ትከሻቸውን ወደ ኋላ ጎተተ። ሁለት ጎድናቸው ተሰበረ። ጩኸቱን የሰሙት እናታቸው ከእሳቱ ውስጥ የጋለ መቆንጠጫ አንሥተው ማጅራቱ ላይ ለጠፉበት። “ልቀቃት፣ አንተ አውሬ!” አሉት፤ ለቀቀ። ወይዘሮ ሁልዳ በዚያው ቀን ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ፣ ዳግመኛም አልተመለሱም።

ያመሩት የተጣመመ ጀርባን በትንፋሽና በእንቅስቃሴ ወደሚያክሙት ወደ ወይዘሪት ቴክላ ቤት ነበር። ሴትዮዋ ልጅቱን ገና ሲያዩ “እኔ አልገፋሽም። የሰመጠውን ጎንሽን ከውስጥ የሚገፋው የራስሽ ትንፋሽ ነው” አሏቸው። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ! በጎን ተኝቶ፣ ጎድን ሥር የሩዝ ከረጢት አስገብቶ፣ ወይም ግድግዳው ላይ ካለው የእንጨት መወጣጫ ተንጠልጥሎ፣ ወደ ሰመጠው ጎን ብቻ እየተነፈሱ አጥንትን ማንቀሳቀስ ነው። ሴት ልጆች ራሳቸውን ይስታሉ፣ ያስታውካሉ፣ አስተማሪያቸውን ይራገማሉ። አክስቴ ይህን የጀመሩት የተሰበረው ጎድናቸው ገና ሳይጠገን ነው፤ ትንፋሽ በሳቡ ቁጥር በቢላ እንደመወጋት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ቀጥ ባይሉም ደረታቸው ተከፍቶ መሮጥ ቻሉ። ያን ጊዜ ለእናታቸው “የእሱ እጅ በእኔ በኩል ወደ ማንም ልጅ አያልፍም” ብለው ማሉ። ዕድሜ ልካቸውን የታገሉት ከዚህች መሐላ ጋር ነው።

በ1955 ከእናታቸውና ከአባቴ ጋር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ጀርመን ተሻግረው ይህንኑ የጀርባ ሕክምና ሙያ ተማሩ። በ1966 ወይን አምራቹን አቶ ፎልክማርን አግብተው ልጃቸውን አንስጋርን ወለዱ። አቶ ፎልክማር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ “እዚህ ቤት ጎንብሶ ሾርባ የሚጠጣ ሰው ሾርባውን ይነጠቃል” ይሉ ነበር። በ1969 አክስቴ በናሄ ወንዝ ዳር የራሳቸውን የሕክምና ቤት ከፈቱ።

በ1974 በምሥራቅ የቀረው አባትየው ጡረታ ወጥቶ ለጉብኝት መሻገር ሲፈቀድለት ሳይጠራ መጣ። ጀርባቸውን ገልጠው እንቅስቃሴ የሚሠሩትን ልጆች አይቶ ሳቀ። “በጉልበቴ በአንድ ቀን አቀናቸው ነበር” አለና እጁን ወደ አንዷ ልጅ ጀርባ ሰደደ። አክስቴ ለእንቅስቃሴ የሚያገለግለውን ረጅም ዱላ አንሥተው ክንዱን ሰበሩት። ሲወድቅም ደገሙት። ከተማው ሁሉ “አበጀች!” አለ። እሳቸው ግን “ደስ አለኝ፤ ያስፈራኝም እሱ ነው” ብለው ለእናታቸው ነገሩ።

በ1978 በአሥራ ሦስት ዓመቴ የእኔም ጀርባ ተጣመመ። በዚያ ቤት ማንኛውም ታካሚ ጀርባው ታይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ የሰመጠው ጎን ተለይቶ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ዘመድ ነኝ፤ “የእኛን ቤት ጀርባ አውቀዋለሁ” ብለው ልብሴን ሳያስወልቁ፣ ጀርባዬን ሳያዩ እሳቸው በልጅነታቸው ይሠሩት የነበረውን እንቅስቃሴ ሰጡኝ። ሳምንታት አለፉ፤ እኔም እየባሰብኝ ሄደ። አንድ ቀን “ሰነፍ! ቀጥ በይ!” ብለው በዚያ ዱላ ጀርባዬን መቱኝ። አንዴ አይደለም። ቆዳዬ ተሰነጠቀ። አባቴ ደርሶ አንገታቸውን አንቆ ከግድግዳው አጣበቃቸው፤ “አልቪንን ሆነሻል!” አላቸው።

ቁስሌን ሊያጥቡ ልብሴን ሲያወልቁ ነው ያዩት። የእሳቸው ጉብታ በቀኝ ነው፤ የእኔ ግን በግራ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ያበጠውን ጎን እየነፋሁ ነበር። ከፊቴ ተንበርክከው “ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አጣመምኩሽ፣ ደግሞም መታሁሽ” አሉኝ። እኔም በጥፊ መታኋቸው። ፊታቸውን አላዞሩም። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት የማንም ጀርባ “ልንካሽ?” ሳይባል አልተነካም፤ “አይ” ያለች ልጅም አንድም ቀን አልተቆጧትም። እኔም ከእሳቸው ጋር አዲስ ጀመርኩ፤ ዛሬ እዚህ ቆሜ የማነበው በዚያ ምክንያት ነው።

በ2004 ጡረታ ወጡ። ከ2019 ጀምሮ ሳንባቸው ደከመ፤ በኅዳር 14 ቀን 2021 በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት ቄሱ አባታቸውን ይቅር ብለው እንደሆነ ጠየቋቸው። “አላልኩም” አሉ፤ “ይልቅ ዮርዲስን ልጆቿን መትታ ታውቅ እንደሆን ጠይቁልኝ።” ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። ልጆቼን አንድም ቀን መትቼ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። አክስቴ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ልጃቸው አንስጋር፣ ወንድማቸው ኤካርት፣ እኔ እና ሁለቱ ሴት ልጆቼ እዚህ አለን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ሲቀበላቸውም እጁን ቀስ አድርጎ ያሳርፍባቸው።