የንስሐ ጾም አይጠየቅም

ረቡዕ፣ መጋቢት 9 ቀን 1979

ጠዋት የቀበሌ ሱቅ ስኳር ገባ ተባለና ተሰለፍኩ። ወረፋው ሊደርሰኝ ሲል ስፌት ማኅበር አብራኝ የምትሰራው ሴትዮ መጣች። መርዶውን ደብቃ ወደ ቤት ልትወስደኝ ነበር የመጣችው... ግን ነጠላዋን አስቀድማ አዘቅዝቃለች።

"የማን ለቅሶ ነው?" አልኳት።

"ነይ ቤት እንሂድ።"

"ስኳሩስ?"

ስኳሩስ አልኩ። ይኸው እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ልጄ የዓለምወርቅ፣ ትምህርት ቤት የጠዋት ሰልፍ ላይ ወደቀች። ጳውሎስ ሆስፒታል ወሰዷት። ስትደርስ አልነበረችም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ነበር።


እሑድ፣ መጋቢት 13

ድንኳኑ ተነቀለ። ሰው ግን አላቋረጠም። የሚገባው ሁሉ አንድ ነገር ይላል። "በሁዳዴ፣ በጾም ላይ፣ ንጹሕ እንደሆነች ሄደች። የታደለች ናት።" የታደለች? ብቸኛ ልጄን ቀብሬ መጥቼ ታድላለች ልበል? አሜን እላለሁ። ምን ልበል ሌላ።

ሐኪሙ የጠየቀኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ወጣት ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እጄን ይዞ፣ "እናቴ፣ ልጅዎ ምግብ ትበላ ነበር?" አለኝ።

"ሁዳዴ አይደለም እንዴ" አልኩት።

"ከሁዳዴ በፊትስ?"

ከሁዳዴ በፊት ነነዌ። ከነነዌ በፊት የነቢያት ጾም። ከዚያ በፊት ጽጌ። በየመሃሉ ደግሞ ንስሐ። ነግሬው ስጨርስ እጄን ለቀቀ። ቆይቶ፣ "ልቧ ነው የደከመው። የቀራት አጥንት ብቻ ነው" አለኝ።

እኔ አጥንቷን እንዴት አላየሁም? አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው... ጋቢ ተጠቅልላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። በረደኝ ትላለች። የእንጦጦ ብርድ ነው እላታለሁ። ሌላ ጋቢ እደርብላታለሁ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 19

አባ መዝገቡ መጡ። የነፍስ አባታችን ናቸው። መስቀል አሳለሙኝ፣ ተቀመጡ፣ ስለ ትዕግሥት ተናገሩ። አልቻልኩም።

"አባ፣ ያን ሁሉ ንስሐ ለምን ጫኑባት? ልጅ ምን ቢበድል ነው?"

"የቱን ንስሐ?"

"ከመስከረም ጀምሮ የሰጧትን። እስከ ማታ የምትጾመውን።"

አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "ልጄ፣ እኔ ለተማሪ ስግደት እንኳ አላበዛም። ዳዊት ድገሚ ነው ያልኳት። ጾም አላዘዝኩም።"

አላዘዙም...

ታዲያ ሰሃኑን ገፋ ስታደርግ ለምን ዝም አልኩ? "ንስሐ ነው እማዬ" ስላለችኝ ነዋ። የንስሐ ጾም አይጠየቅም። እናቴ እኔን አልጠየቀችኝም፣ እኔም ልጄን አልጠየቅኳት። በንስሐ አባትና በልጁ መሃል ማን ይገባል? የት ሄዳ እንደምትደበቅ አውቃበታለች።

"ለምን መጥተሽ አልጠየቅሽኝም?" አሉኝ።

"እርስዎስ? እንደዚያ ስትከሳ ለምን አልጠየቁኝም?"

"እናቷ አንቺ እያለሽ?"

ተኳርፈን ተለያየን። ከቄስ ጋር ተኳረፍኩ። ይኼም ነበር የቀረኝ።


ዓርብ፣ መጋቢት 25

የደንብ ልብሷን ለችግረኛ ልስጥ ብዬ አወጣሁ። የጉርድ ቀሚሱ ወገብ ከውስጥ ታጥፏል። እጥፋቱ ላይ ሌላ እጥፋት። በእጅ ተሰፍቷል። ክሩ ከውጭ አይታይም። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ንጹሕ ሥራ ነው... ማኅበሩ ውስጥ እንዲህ አጥፎ የሚሰፋ ሰው የለም። ያናድዳል። እኔ የሰው ቀሚስ ወገብ ሳጠብ ዕድሜዬን ጨረስኩ፤ የልጄ ወገብ ሲጠብ አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ቶይባ መጣች። የባለሱቁ የሸፊ ልጅ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከልጄ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። አጎንብሳ ቁጭ አለች። ሻይና ዳቦ አቀረብኩላት።

"ጾመኛ ነኝ እትዬ።"

"ረመዳን መቼ ገባ?"

"ቀዷ ነው። ያምና ረመዳን ያመለጡኝን ቀኖች ነው የምጾመው።"

የወር አበባዋ ጉዳይ መሆኑ ገባኝ። በዚህ ሴት ልጅ አትጠየቅም። ዝም አልኩ። በር ላይ ስሸኛት ነው ያስተዋልኩት። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባለች። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል።

እንደገና ዝም አልኩ ማለት ነው? ምን ሆኛለሁ?


ዓርብ፣ ሚያዝያ 2

የልጄን ደብተሮች ልወስድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የእንግሊዝኛ መምህሯ ኢታና ሊያጽናናኝ መጣ። ስለ ጉብዝናዋ አወራኝ። እሱ የሰጣትን መጽሐፎች በሙሉ ታነብ እንደነበር ነገረኝ።

"ምን ዓይነት መጽሐፍ?"

"ለእነሱ ዕድሜ የተጻፉ ልብ ወለዶች። እንግሊዝኛቸው ቀላል ነው። የመጨረሻው የውጭ አገር ልጅ ታሪክ ነው፤ ምግብ እምቢ ብላ..." እዚያ ላይ አፉን ያዘ። ፊቱ አመድ መሰለ። እስከዚያች ደቂቃ አላገናኘውም ነበር። እውነቱን ነው፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

"ምን ብላ?" አልኩት።

"ምግብ እምቢ ብላ ልትሞት ስትል ትድናለች። እትዬ፣ መጽሐፉ እኮ እንዳታደርጉት ብሎ የሚያስጠነቅቅ ነው።"

"መምህር፣ በሰባ ሰባት ለድርቅ ከደመወዛችን ስናዋጣ፣ ምግብ እያለው የሚራብ ሰው አለ ብለው ያውቁ ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

"ልጆቹስ?"

መጽሐፉ አሁን ማን ጋ ነው አልኩት።

"ከእሷ ቀጥሎ ቶይባ ናት ተራዋ" አለኝ።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 5

ኢታና መጽሐፉን ከቶይባ ተቀብሎ አመጣልኝ። በጋዜጣ ተለብዷል። እንግሊዝኛ አልችልም። አንብብልኝ አልኩት። ከትምህርት በኋላ እየመጣ እየተረጎመ ሊያነብልኝ ነው። በሰሙነ ሕማማት ልብ ወለድ አስነብባለሁ። አባ ቢሰሙ ደግሞ ሌላ ጠብ።


እሑድ፣ ሚያዝያ 11

ፋሲካ። ጎረቤት ወጥ ልኮ ነበር። ማን ይብላው።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15

ዛሬ ጨረስነው። መጽሐፉ ላይ ያለችው ልጅ አባቷ ሀብታም ነው። ቤቷ ሁሉ ነገር ሞልቷል። ጉርሻዋን በመሐረብ ትደብቃለች። ሊመዝኗት ሲሉ ውሃ ትጠጣለች። ልብስ ትደራርባለች። ጓደኛዬ ጋ በልቻለሁ ትላለች። ምግቡን ሰሃን ላይ ታዞረዋለች፣ የበላች ትመስላለች። ኢታና ሲያነብ እኔ እየቀደምኩት ነው... ሁሉንም እዚሁ ቤት አይቼዋለሁ። ንስሐው ብቻ የለም። እሱን ልጄ ራሷ ናት የጨመረችው።

"የጻፈችው ሴት በደግ ልብ ነው የጻፈችው" አለኝ።

"ስንት ገጽ ትራባለች? ስንት ገጽ ትድናለች?"

ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። መዳኗ ከኋላ ጥቂት ቅጠል ነው። የፊቱ ገጽ ሁሉ ዳሩ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። የኋላው ንጹሕ ነው፤ ማንም አልነካውም። እንዴት እንደሚራቡ ተምረው ዘጉት ማለት ነው። አስተማሪ እንዲህ ነው? ወንዙ ጥልቅ ነው ለማለት መጀመሪያ እንዴት እንደሚገባበት ያሳያል?

"አቃጥለዋለሁ" አልኩ።

"ያቃጥሉት። ግን እትዬ፣ ይኼን ባናነብ ኖሮ ቶይባ ለምን ሹራብ እንደምትደርብ በምን እናውቅ ነበር?"

ሰው ሐቅ ሲናገር ደስ የማይልበት ጊዜ አለ። መጽሐፉን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 19

አርባዋ ትናንት ወጣ። ከነገ ወዲያ ረመዳን ነው። ቶይባ ቀኑን ሙሉ ላለመብላት ፈቃድ ልታገኝ ነው፤ ያውም እየተመሰገነች። ሸፊ ሱቅ ሄድኩ። እናቷ ጀዊሪያ ሩዝ ትለቅማለች።

"ጀዊሪያ፣ የቶይባ ቀዷ አላለቀም?"

ቀና ብላ አየችኝ። ምን አገባሽ ልትል ነበር። ሐዘንተኛ ነኝና ዋጠችው። "ብርቄ፣ ይኼ የሴት ነገር ነው። አይጠየቅም።"

"እኔም አልጠየቅኩም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"የሚያመልጠው የጥቂት ቀን ጾም ነው። ልጅሽ ግን ጾመኛ ከሆነች ስንት ጊዜዋ ነው? ስትታጠብ አይተሻታል?"

"ልጄ ዲኗን ብትወድ ጥፋት ሆነ? አንቺ ልጅሽ ሞታ..." ይኼንንም ዋጠችው። "ሐዘኑ ነው። ሂጂ እህቴ፣ ቤትሽ ግቢና ረፍት አድርጊ።"

ወጣሁ። ዞር ብዬ ሳይ ግን ሩዙን መልቀም ትታለች። እጇ ትሪው ላይ ቆሟል።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22

ጀዊሪያ ጠዋት መጣች። ሳትቀመጥ ጀመረች።

"በሩን ገፍቼ ገባሁባት፣ ስትታጠብ። ወላሂ ብርቄ፣ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። የማን ልጅ ናት አልኩ።"

ትናንት ሐኪም ቤት ወስዳታለች። መጾም የለባትም ተብሏል። በሳምንት አንድ ቀን እየተመለሰች ትታያለች። ሼኹም ተጠይቀው፣ የታመመ አይጾምም፣ አላህ አላስገደደውም ብለዋል። ቶይባ ግን እምቢ አለች። ቤቱ ሙሉ ጾመኛ ነው። እሷ ብቻ በቀን ስትበላ ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል?

"እና አንቺ ጋ ትብላ" አለችኝ። "ከትምህርት ቤት ስትወጣ። ሥጋ ብቻ እንዳታቀርቢላት፣ የእናንተን አንበላም።"

"ሥጋውን ከየት አባቴ አምጥቼ?"

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። እኔም።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ሰው ማብላት እንዲህ ያለ ሥራ ነው? እንቁላል ጠብሼ ሰጠኋት። ቆራረጠችው። ቁራጩን ቆራረጠችው። ሰሃኑን አንድ ዙር አዞረችው። ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ፣ "ይኼን መምህሩ አንብቦልኛል። ሌላ ዘዴ አምጪ" አልኳት። ደነገጠች፤ ቀጥሎ ሳቋ አመለጣት።

እንጀራ በሽሮ። ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔ አንድ ሱሪ ጨረስኩ። እሷ ሦስት ጉርሻ። ሁለቴ ልጮህባት ነበር። አንዴ ጮህኩ።

"አይጩሁብኝ እትዬ፣ አፌ እምቢ እያለኝ ነው እንጂ..."

ስለ መጽሐፉ ጠየቅኳት። "እሱ ነው የገደላት?" አልኩ። ቶሎ አልመለሰችም።

"ከመጽሐፉ በፊት ነው የጀመረችው። ያኔ ግን እያፈረች ነበር። ካነበበችው በኋላ ማፈሯን ተወች። እኔ ደግሞ... እኔ ካነበብኩት በኋላ ነው የጀመርኩት። ልብልጣት።"

ልብልጣት። ምን ይባላል ለዚህ? ቅረቢና ጉረሺ አልኳት።


ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ዛሬ ሰሃኑ ግማሽ ሆነ። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ "እርስዎስ?" አለችኝ።

"በልቻለሁ።"

"የት?"

"ማኅበር።"

"ምን?"

ምን እንደሆነ አልመጣልኝም። አልበላሁማ። ትናንትም አልበላሁም። ቶይባ ዓይኔን እያየች ፈገግ አለች። "ይኼን እኔም አውቀዋለሁ እትዬ። ሌላ ዘዴ ያምጡ።"

ባለጌ። ሰሃኑን መሃላችን ሳበችው። በልተናል ማለት አይቻልም... ግን ሰሃኑ ባዶ ሆነ።


ዓርብ፣ ግንቦት 28

ሰማንያዋ ዛሬ ነው። ዒድ ባለፈው ሳምንት አለፈ። ረመዳኑ ቢያልቅም ቶይባ ምሳዋን እዚሁ ትበላለች። ድናለች አልልም። ትናንት ሁለት ጉርሻ ብቻ ነበር፤ ተጨቃጨቅን፤ እያለቀሰች ሄደች። ዛሬ መጣች። ሐኪሙ ክብደቷ ትንሽ ጨምሯል ብሏል። ትንሽ። በዚህ አያያዝ ፀጉሬን በሽበት ትጨርሰዋለች።

መጽሐፉን ለኢታና መለስኩለት። አላቃጠልኩትም። ለልጅ ስትሰጥ አብረህ ተቀምጠህ እስከ መጨረሻው አንብብ አልኩት። እሺ ብሏል። እንጃ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጀዊሪያ ከግቢው ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ። ከጸሎቱ በኋላ አባ መዝገቡ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ከተኳረፍን ወዲህ በደንብ ተነጋግረን አናውቅም። ምን ይሉ ይሆን ብዬ አንገቴን ደፋሁ። "እናቶች" አሉ፣ "ልጃችሁ የንስሐ ጾም ነው ብላ ማዕድ ከገፋች መጥታችሁ ጠይቁኝ። ኃጢአቷን አልነግራችሁም። ጾም ማዘዝ አለማዘዜን ግን እነግራችኋለሁ። ነውር የለውም።" ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላዬ አንዷ፣ "ያቺ የታደለች ጾመኛ ልጅ..." ብላ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ዞርኩ። "ጾመኛ አልነበረችም፣ ታማ ነበር" አልኳት። ሰው ፊት ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ አልተሰበረም።

ለማንም ብዬ አይደለም የምጽፈው። ግን ደብተር ከሰው በኋላ ይቀራል። ይኼ እጅህ ከገባ፣ የምታውቀውን ጸሎት ድገምላት። ክርስትና ስሟ ወለተ ሰንበት ነው። አንተ እስላምም ብትሆን በምታውቀው ለምንላት፤ ቶይባ ትለምንላታለች። ፈጣሪን ጾሟን ቆጥረህ ማርልኝ አትበለው። ተርባ የሞተች ልጅ ናት በል። በማዕድህ ዙሪያ አስቀምጣት በል። አስቀምጦም አጠገቧ ይቀመጥ፣ እስክትበላ።