ለመስኮቱ የተፈለገው ፎቶ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤ ባለህበት ደጉን ያሰማኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የሳሎኑን መስኮት በአሉሚኒየም ቀይሪ እያልክ ስትጨቀጭቀኝ፣ እሺ ብዬ አናጺውን ጠራሁት። አናጺው ግን ቤቱ አሮጌ፣ በቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አልነካም ብሎ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሰደደኝ። የፈቃድ ክፍሏ ልጅ፣ «በመንገድ በኩል ያለው መስኮት ከእንጨት፣ ልክ እንደ ድሮው ሆኖ ነው የሚሠራው» አለችኝ።

«ብርዱንም እንደ ድሮው ልታስገቡልኝ ነው?» አልኳት።

ሳቀች። ደግ ልጅ ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። የእሷም እናት መስኮቷን በጨርቅ ወትፋ ነው አሉ የምትከርመው። መስኮቱ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ፎቶ ካመጣሁ ፈቃዱ ቶሎ እንደሚያልቅልኝ ነገረችኝ።

ያ ፎቶ ደግሞ ያለው አንተ ጋ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ አባትህ አንተን አቅፎ ከውጭ መስኮቱን ተደግፎ የቆመበት። ስትሄድ ከአልበሙ እንዳወጣኸው ያኔውኑ አይቻለሁ፤ ዝም አልኩህ እንጂ።

የረገጥከው ይለምልምልህ፣ ክፉ አይንካህ። አደራህን፣ ፎቶውን በስልክህ አንስተህ ላክልኝ። እነሱ የሚፈልጉት መስኮቱን ብቻ ነው፤ አንተ ግን አባትህን እንዳትቆርጥብኝ።

እናትህ