ዳንቴል የለበሱት ስምንቱ ኮምፒውተሮች

ኅዳር 2001 ዓ.ም.፣ አቃቂ ቃሊቲ

ለሕክምና ኮሌጃችን ዲን፣ ለተከበሩ ዶክተር ዘካሪያስ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? እኛ ተማሪዎችዎ አምላክ ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና ያልነበሩት አቶ አደሴ ብቻ ናቸው።

አቶ አደሴ ከሰሊጥ እርሻ ወባ ይዟቸው የተመለሱ የቀን ሠራተኛ ናቸው። ባለፈው ማክሰኞ ስድስት ቁጥር አልጋቸውን ከብበን ሳለ መምህራችን ምን እንደምናዝላቸው ቢጠይቁን፣ አሥራ አንዳችንም በአንድ ድምፅ ክሎሮኪን አልን። እንዴት እንዳማረብን ቢያዩ! መድኃኒቱ ለእሳቸው ዓይነት ወባ መታዘዝ ካቆመ ዓመታት እንዳለፉት የሰማነው ያኔ ነው። ከታላላቆቻችን ወርሰን፣ ፎቶኮፒውን ፎቶኮፒ እያደረግን የምናጠናው የ1988ቱ ሃንድአውት ይህን አልነገረንማ። አቶ አደሴን ያተረፋቸው የመምህራችን ማንበብ ነው። እኔ ግን አፍሬአለሁ፤ ከምር አፍሬአለሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የዛሬ ሁለት ዓመት ሪባን ቆርጠው ያስረከቡን ስምንት ኮምፒውተሮች አቧራ እንዳይነካቸው ዳንቴል ስላለበሱልን እናመሰግናለን። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊው አቶ ወንድዬ ዳንቴሉን በየሳምንቱ ያሳጥባሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ይገልጡታል፣ እንግዳው ሲሸኝ ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ይሄዳሉ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

2ኛ. የኮምፒውተሮቹ መጠቀሚያ ቅጽ የምናገኘውን ጽሑፍ ርዕስና ገጽ ከመፈለጋችን በፊት እንድንሞላ ያዛል። ባለፈው ወር «ስለ ወባ ሕክምና አዲስ ነገር ካለ ለማየት» ብዬ ብሞላ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ «ዓላማው ግልጽ አይደለም» ተብሎ፣ ማኅተም አርፎበት ተመለሰልኝ። እነሆ፣ ዓላማው ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር።

3ኛ. የኤሌክትሮኒክ መረጃ አጠቃቀም ሥልጠናውንስ እንዴት እረሳዋለሁ? ማውሱ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ተሳለልን፣ እኛም በደብተራችን ገለበጥነው፣ ሁላችንም ኤ አገኘን።

አራተኛም ነበረኝ፤ ከብዛቱ የተነሣ ጠፋብኝ።

በማረሚያ ቤቱ አጠገብ ለጠያቂዎች ብስኩትና ለስላሳ የሚሸጠው ከሊል ከሱቁ ጓዳ ኢንተርኔት የገባላቸው ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት። ከማክሰኞው ውርደት በኋላ እዚያ ገብቼ፣ መጀመሪያ ያገኘሁትን ገጽ ልገለብጥ ስል፣ ማን እንደጻፈውና መቼ እንደተጻፈ ሳላይ እንዳልነካው ከለከለኝ። ቀኑን ሳያይ አንድ ካርቶን ብስኩት የማይረከብ ሰው ነዋ! ኮሌጃችን በአራት ዓመት ያላስተማረኝን ከሊል በአሥር ደቂቃ አስተማረኝ።

ልመናዬ አንድ ናት። ከሰኞ ጀምሮ አሥራ አንዳችን ድንገተኛ ክፍል እንገባለን፤ እዚያ የሚጠብቀን በሽተኛ እንደ አቶ አደሴ ዕድል ላይቀናው ይችላል። እባክዎ ቁልፉን ከዚያ በፊት ይስጡን። ዳንቴሉን እኛው እናጥባለን።

ከታላቅ አክብሮትና ከማያልቅ ትዕግሥት ጋር፣ ለቅጽዎ ዘወትር ታዛዥ የሆነችው
አቻምየለሽ ፀሐዩ፣ የአራተኛ ዓመት ተማሪ

ማስታወሻ፦ ነገ ለስብሰባ መተሐራ እንደሚወርዱ ሰማሁ፤ በሰላም ይመልስዎ። ምናልባት ትኩሳት ይዞዎት ቢመለሱ ግን አይስጉ፤ ተረኞቹ እኛ ነን፣ የ1988ቱንም ሃንድአውት በቃላችን ይዘነዋል።