ቅቤውን የጠጣው ድስት

ውድ ማሪሶል፣ የእኔ ማሪዬ፤

ካጣንሽ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። በአማርኛ ስጽፍልሽ እንዳትስቂብኝ። በሕይወት ሳለሽ አማርኛሽ ለገበያና ለቁጣ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ የእኔም ስፓኒሽ ከዚያ አይሻልም። አሁን ባለሽበት ግን ቋንቋ የሚያግድ አይመስለኝም።

ቤቱ ደህና ነው። ሊያ አሥር ዓመት ሞላት፤ ጸጉሯን ራሷ ትጎነጉናለች፤ እኔ ልሞክር ስል እጄን ገፋ ታደርጋለች። ዳኒ አንደኛ ክፍል ገብቷል። የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲስቅ ቁርጥ አንቺን ነው። እኔ አሁንም ኦበርን ከተማ፣ መጋዘኑ ውስጥ እሠራለሁ፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት እንዳደርስ ፈረቃዬን ቀይረውልኛል። ከመስኮቱ ሥር የተከልሻቸው ቢጫ አበቦች ዘር እየጣሉ በየዓመቱ ይበቅላሉ። እዚህ አገር ዐደይ አበባ የለም ብዬ ሳዝን ያገርሽን አበባ ተክለሽ፣ ያው ቢጫ ነው አይደል እንዴ ብለሽኝ ነበር። አሁን ዝናቡ ሲመታቸው ተደፍተው፣ ሲያባራ ቀና ይላሉ።

መስከረም ሲገባ ያንቺና የእኔ በዓል ይደራረብብን እንደነበር ታስታውሻለሽ። የእንቁጣጣሹ ቄጠማ ሳይጠረግ እዚህ የሂስፓኒክ ቅርስ ወር የሚሉት፣ የእናንተ የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ በዓል ይደርሳል። አንቺም ባለቀለም ወረቀትሽን በመቀስ እየቀደድሽ ከሳሎን እስከ ወጥ ቤት ትሰቅያለሽ። በወሩ አንዱን ቅዳሜ ልጆቹን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበሽ፣ የበቆሎ ሊጡን በደረቀ የበቆሎ ቅጠል እየጠቀለላችሁ ታማሌ ትሠራላችሁ። እጅሽ ሲጠቀልል አፍሽ ስለ አያትሽ ግቢ ያወራል። የመጀመሪያውን ታማሌ የሚፈታው ደግሞ የቤቱ ትንሽ ነው፤ ያ ያንቺ ሕግ ነበር።

አምና ወረቀቱን ከሳጥኑ የማወጣበት አቅም አጣሁ። ዘንድሮም እንዲሁ ሊያልፍ ነበር። ግን ዳኒ ትምህርት ቤት የሳለውን የቤተሰብ ሥዕል ይዞ መጣ። እኔ አለሁ፣ ሊያ አለች፣ አንቺም አለሽ፤ ፊትሽ ግን ባዶ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ነቅንቆ፣ "አይ ፎርጎት፣ ረሳሁት" አለኝ። ፈራሁ፣ ማሪዬ። ከልጄ ውስጥ እየወጣሽ መሰለኝ።

ያኔውኑ ያኪማ ከተማ ላለችው እህትሽ ለሉፔ ደወልኩ። ነይና እንደ እናታችሁ አድርገሽ፣ አንድም ነገር ሳታጎድዪ ሥሪላቸው አልኳት። ሊጡ የሚለወስበት የአሳማው ስብስ ብላ ጠየቀችኝ። አሳማ በቤታችን ገብቶ እንደማያውቅ ታውቃለች፤ እኔም አንቺ ለእኔ ስትዪ ስቡን እንዲሁ የምታስቀሪው ይመስለኝ ነበር። ለአንድ ቀን ቤቱ ይቻለው፣ እኔ አልቀምስም፣ ልጆቹ ግን የእናታቸውን አገር ምግብ ሳይጎድልበት ይብሉ አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ጭጋጉ ሰፈሩን ውጦት፣ ከጎረቤት ቤት ጣሪያው ብቻ ሲታይ ሉፔ ከነድስቷ መጣች። ወረቀቱን ሰቀልን፤ ልጆቹ ጠቀለሉ። ሲበስል ሊያ አንዴ ቀምሳ በጨዋ ደንብ ሳህኑ ላይ መለሰችው። ዳኒ ግን ጨዋነት የት ያውቃል! "ኖ፣ ዳዲ፣ ይሄ የማሚ አይደለም" አለ።

ሉፔ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ እውነቱን ነገረችኝ። ለካ በተጋባን ሰሞን ለእናትሽ ደውለሽ፣ ባሌ አሳማ አይበላም፣ እኔም በአንድ ቤት ሁለት ድስት አልጥድም ብለሻታል። የአሳማውን ስብ ትተሽ ሊጡን የምትለውሽው እናቴ በሰው በምትልክልን ቅቤ ኖሯል። እናትሽም ለዚህ ስንት ጊዜ አኩርፋሻለች።

እኔ ሞኙ! ቅቤው በየዓመቱ መስቀል ሳይደርስ ሲያልቅ ማን ጨረሰው ብዬ ስጠይቅሽ፣ ድስቱ ጠጣው ትዪኝ ነበር። ያገርሽ ምግብ የእናቴን ጓዳ የሚሸተኝ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለጎረቤት ሁሉ ሳወራ ከርሜአለሁ።

የቅቤውን ዕቃ ሞጥጠን የተረፈውን አወጣንና ሌላ ሊጥ ለወስን። ድስቱ ሲንተከተክ ኮረሪማው ቤቱን ሞላው። መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ቢጫ አበቦችሽ መስተዋቱ ላይ የቀለጡ መሰሉ። ንፋስ ሳይኖር ወረቀቶቹ ቀስ ብለው ይወዛወዙ ነበር። ማሪዬ፣ ያኔ ከኋላዬ የቆምሽ መሰለኝ። ዞር አላልኩም፤ ዞር ካልኩ የምትሄጂ መሰለኝ።

የመጀመሪያውን ለዳኒ ሰጠሁት። ቅጠሉን ፈታ፣ እንፋሎቱ ፊቱን ሲመታው ዓይኑን ጨፈነ። ሳይቀምሰው፣ "ማሚ እፍ ትልልኝ ነበር፤ መጀመሪያ ታማሌውን፣ ከዚያ አፍንጫዬን" አለ። ይህን ማንም ነግሮት አያውቅም። እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

ከዚያ በቅቤ እጁ ሥዕሉን አምጥቶ ፊትሽን ሞላው። ዓይኖችሽ አንዱ ከአንዱ ይበልጣል፤ አፍሽ ክብ ነው፤ እፍ እያልሽ ነው። ጣቱ የነካው ቦታ ላይ የቅቤ ወዝ አለ። አሁን ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እኔንም እፍ ትዪኛለሽ።

ናፍቀሽኛል፤ ይኸው ነው። መስከረም በመጣ ቁጥር ወረቀትሽን እንሰቅላለን፣ ድስትሽን እንጥዳለን፤ ከቤቱ ትንሽ አንስቶ እስከ እኔ አንረሳሽም። ለእናቴም ደውዬ፣ ከእንግዲህ ሰው ስታገኝ ቅቤውን በሁለት ዕቃ እንድትልክ ነግሬያታለሁ። አንዱ ያንቺ ነው።

የእኔ የምትዪኝ፣
ባልሽ