የሔለን ታናሽ ከቤት ወጣ

የኔ ታዴ፣

ከተለየኸን ዛሬ ዓመት ሞላ። እዚያ ደመወዝም ዕዳም የለም አሉ፤ ስለዚህ ደህና ነህ ብዬ ልመን። እኛም ደህና ነን፤ እንዲያውም የምሥራች ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

ጓደኛህ ሙሉጌታ እዚህ ሐርጌሳ ባጃጅ በዱቤ ሲገዛ ዋስ ሆንክለት። አገር ቤት ጦርነቱ የእናቱ ቀዬ ሲደርስ ሊያወጣቸው ሄደና ድምፁ ጠፋ። ሻጩ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም ለአሠሪህ ጻፈና ገንዘብ ያዡ ደመወዝህ እጅህ ሳይገባ ሲሶውን እየቆረጠ ለሻጩ ይልክ ጀመር። ለቀለብ የሚሆነውን ስለሚተዉልን እኔ ሳማርር አንተ ትስቃለህ። ያንን ቁራጭ የሔለን ታናሽ አልከው፤ ይበላል እንጂ ጫማ ግዙልኝ አይልም እያልክ። ልጅህ ሔለን እውነት መስሏት ስንት ጊዜ ወንድሜ መቼ ይመጣል ብላ አደረቀችኝ!

አንተ ስታርፍ ሳቁም ቀረ። የሚቆረጥ ደመወዝ ሲጠፋ ሻጩ የባንክ ሒሳብህን አሳገደ። ባልና ሚስት አንድ ነን ብለን የእኔንም የሰው ቤት ደመወዝ እዚያው እናስገባ አልነበር? የሔለን የትምህርት ቤት ክፍያ አብሮ ተቆለፈ። ልጄን ከትምህርት ቤት ላስቀር ነው ብዬ ሳለቅስ እንደ ልጆቿ ሆዮ፣ እናቴ የምላት አሠሪዬ ሳህራ ሰማች። እጄን ይዛ ፍርድ ቤት ወሰደችኝና ይህ የሟች ገንዘብ አይደለም፣ የዚህች ሴት ላብ ነው ብላ መሰከረች። በየወሩ የላከችውን ከስልኳ እያወጣች አሳየች። ዳኛው የእኔን ለይተው ለቀቁልኝ። ስንገባ ኢንሻአላህ ያለችው እሷ ናት፤ ስንወጣ አልሐምዱሊላህ እያልኩ የጮህኩት ግን እኔ ነኝ! በስሜም ሒሳብ አስከፈተችልኝ።

ሙሉጌታም ከነእናቱ ተመለሰ። መሞትህን ሲሰማ ደጃችን ላይ ወድቆ አለቀሰ። ከዚያ አቁሞት የሄደውን ባጃጅ ሲነዳ እየዋለ የቀረውን ዕዳ ከፈለ፤ በዚህ ሳምንት ጨረሰ። የሔለን ታናሽ ከቤት ወጣልህ።

ዛሬ ሼክ ኑር ሰፈር ያለችው ክፍላችን በሰው ተሞልታለች። የሙት ዓመትህን ምስር ወጥ የሠሩት የሙሉጌታ እናት ናቸው። አንተ ዋስ ሆነህ ዕዳውን ባትሸከምለት ልጃቸው ባጃጁን ጥሎ ሄዶ ሊያመጣቸው አይችልም ነበር፤ ይህን ሲናገሩ ኮራሁብህ። ሔለን ጭናቸው ላይ ተኝታለች። ወንድም ስትጠብቅ አያት መጣላት።

ደመወዜ ሳይጎድል በገባ ቁጥር ስምህን ጠርቼ እስቃለሁ፤ ቃሌ ነው።

ያንተው አልማዝ